«ስክሪንሾት ጨምሩበት» ለምትሉ ኃላፊዎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ሶፍትዌር ለምታመርቱ ድርጅቶች የሥራ ኃላፊዎች፣ በተለይም የተጠቃሚ መመሪያ አይታችሁ ለምታጸድቁ

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ያስቸገረውን ሰው መርዳት ነው። ሰው መመሪያውን ይከፍታል፣ እንደተባለው ያደርጋል፣ አልሆን ሲለው ወደኛ ይደውላል። ስለዚህ መመሪያችሁን ከእናንተ ይልቅ እኛ ደጋግመን እናነበዋለን። ያውም በጥድፊያ፣ የተናደደ ሰው መስመር ላይ እየጠበቀን።

ጸሐፊዎቻችሁን ለመውቀስ አልተነሣሁም። እዚህ የማነሳውን አብዛኛውን ነገር እነሱ ያውቁታል። ደብዳቤዬ ለእናንተ ነው፤ ረቂቁን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ «ጽሑፍ በዛ፣ ስክሪንሾት ጨምሩበት» ብላችሁ ለምትመልሱት።

የምለው አጭር ነው። ስክሪንሾት፣ ማለትም የስክሪን ፎቶ፣ ማንሳት ቀላል ነው፣ ማቆየቱ ግን ሰው ይፈልጋል። ስክሪኑ በተቀየረ ቁጥር ምስሉን የሚቀይር ሰው ካልመደባችሁ ባታስገቡት ይሻላል።

እስቲ ላብራራ።

ማንሳቱ የጣት ሥራ ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውሱን ቁልፍ፣ ሺፍትንና ኤስን አንድ ላይ መጫን። ማክ ላይ ኮማንድ፣ ሺፍትና 4። አለቀ። ሰው ደግሞ የቀለለውን ነገር ያበዛል። ለመግቢያ ገጽ ብቻ ስድስት ምስል የተደረደረበት መመሪያ አይቻለሁ። የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ሳጥን፣ ምስል። የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ሳጥን፣ ምስል። ከዚያ «ግባ» የሚለው ቁልፍ ለብቻው ተቆርጦ፣ በቀይ ተከቦ፣ ሌላ ምስል። ገጹ ላይ ከሁለት ሳጥንና ከአንድ ቁልፍ በቀር ምንም የለም። ማን ይጠፋበታል?

እዚያው መመሪያ ላይ ግን ሰው በእርግጥ የሚጠፋበት ቦታ ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት የጥርስ ምልክት አለው፤ ያ ሴቲንግ የሚከፍተው ክብ ጥርሳም ምልክት ማለቴ ነው። አንዱ ከላይ በቀኝ፣ ከተጠቃሚው ስም አጠገብ። ሌላው ከታች በግራ፣ በሜኑው መጨረሻ። የላይኛው የራስን አካውንት ይከፍታል፣ የታችኛው የድርጅቱን በሙሉ። መመሪያው «ሴቲንግን ይክፈቱ» ይልና ያልፋል። ምስል የለም። ስንቱ ሰው የላይኛውን ከፍቶ «የሠራተኛ መዝገብ የሚባል ነገር የለም» እያለ እንደሚደውል ብነግራችሁ አታምኑም። ስድስቱ ምስል ከመግቢያው ገጽ ተነሥቶ አንዱ እዚህ ቢቀመጥ ኖሮ እኛም እናርፍ ነበር።

እንግዲህ ስክሪንሾት ጠላቴ አይደለም። ምን እንደሚሠራ ካወቁ ጥሩ መሣሪያ ነው። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃንስ ቫን ደር ሜይ እና ማርክ ኼለፋይ ይህን ጉዳይ ቁጭ ብለው አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ለስክሪንሾት አራት ሥራ ቆጥረውለታል። አንባቢው ዓይኑን ከመመሪያው ወደ ስክሪኑ በጊዜው እንዲያዞር ይረዳል። የፕሮግራሙን አጠቃላይ መልክ በአእምሮው እንዲይዝ ያደርጋል። የሚፈልገውን ቁልፍ ወይም ሳጥን እንዲያገኝ ይጠቁመዋል። ትክክለኛው ቦታ መድረሱንም እንዲያረጋግጥ ያስችለዋል።

ከአራቱ አስበልጡ ብባል የመጨረሻውን እመርጣለሁ። የሚደውልልን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ልጫን?» ብሎ አይደለም። «እዚህ ደርሻለሁ፣ ልክ ነኝ?» ነው የሚለው። ለዚህ ጥያቄ ከምስል የተሻለ መልስ የለም። አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ይቀጥላል። ስለዚህ የምስሉ ቦታ ከእርምጃው በኋላ ነው፤ ገጹ ሲቀየር፣ አዲስ መስኮት ሲከፈት፣ ሥራው ሲሳካ ምን እንደሚመስል ማሳያ ሆኖ። አብዛኛው መመሪያ ግን ምስሉን ከእርምጃው በፊት ያስቀምጠዋል። አንባቢው ፊቱ ላይ ያለውን ገጽ መልሶ ያሳየዋል ማለት ነው።

ሳይሳካ ሲቀርስ? ይሄ ጭራሽ የተረሳ ነገር ነው። ጆን ካሮል የተባሉ ተመራማሪ በ1980ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ሆነው ሰው ኮምፒውተር ሲማር ምን እንደሚያደርግ ተከታትለው ነበር። ያዩት ነገር ለማንኛውም የድጋፍ ሠራተኛ አዲስ አይደለም። ሰው መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አያነብም። ቶሎ ወደ ሥራው ይገባል፣ ይሳሳታል፣ ከስህተቱ ለመውጣት ይታገላል። ስለዚህ መመሪያ ስህተትን የሚያሳውቅና ከስህተት የሚያወጣ መሆን አለበት አሉ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ ዛሬም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ የሆነበትን ስክሪን ብቻ ፎቶ እያነሳን እንለጥፋለን። ፋይሉ አልጫንም ሲል የሚመጣውን ገጽ ያሳየ መመሪያ ካገኘሁ ቀኔ ብሩህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ እርጅናው።

አንዲት ደንበኛ ደወሉ። መመሪያው ላይ ከላይ በቀኝ በኩል ሰማያዊ «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ ይታያል። ከምስሉ በላይ ያለው ጽሑፍ «ከታች እንደሚታየው ቁልፉን ይጫኑ» ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ፕሮግራሙ ግን ታድሷል። ቁልፉ ከላይ ተነሥቶ ሦስት ነጥብ ያለችው ትንሽ ሜኑ ውስጥ ገብቷል፤ ስሙም «ጨርስ» ሆኗል። ሴትዮዋ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «የኔ ኮምፒውተር ሳይበላሽ አይቀርም፣ ቁልፉ ጠፍቷል» ነው ያሉኝ። «ኧረ የእርስዎ ደህና ነው፣ መመሪያው ነው ያረጀው» ብላቸውም አልተዋጠላቸውም። ምስሉን ከዓይናቸው በላይ አምነውታል።

ልብ በሉልኝ። ያረጀ ጽሑፍ ሰውን ያጠራጥራል፣ «ስሙን ቀይረውት ይሆናል» ያስብላል። ያረጀ ምስል ግን ሰውን ራሱን እንዲጠራጠር ነው የሚያደርገው። ፎቶ ነዋ! ፎቶ እንዴት ይዋሻል? የተሳሳተ ቨርዥን የገዛ፣ አካውንቱ የታገደ፣ ኮምፒውተሩ ቫይረስ የገባበት የመሰለው ስንቱን ሰው አረጋግቻለሁ።

የሴትዮዋ መመሪያ ሌላም በሽታ ነበረበት። ጽሑፉ የቁልፉን ስም እንኳ አልጻፈም። ሁሉንም ነገር ለምስሉ ትቶለት ሄዷል። ምስሉ ሲያረጅ አብሮ ሞተ። «በሦስት ነጥቡ ሜኑ ውስጥ ‹ጨርስ› የሚለውን ይጫኑ» ተብሎ ቢጻፍ ይህን ዓረፍተ ነገር ማደስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ምስሉን ለማደስ ግን ፕሮግራሙን መክፈት፣ የሙከራ መረጃ ማስገባት፣ እዚያ ገጽ ድረስ መሄድ፣ ማንሳት፣ መቁረጥ፣ ቀስት መሳል፣ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ የድሮውን ማውጣት አለ። ጽሑፉ ብቻውን ሊያደርስ ይገባል፤ ምስሉ ያግዘው። በተቃራኒው ከሆነ መመሪያው ዕድሜው እስከሚቀጥለው አፕዴት ነው።

ደግሞ ስክሪን የሚቀይሩት የእናንተ ፕሮግራመሮች ብቻ አይደሉም። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007ን ሲያወጣ የለመድነውን የሜኑ ተራ አንሥቶ ሪበን የሚባለውን ሰፊ የቁልፍ ረድፍ ተካበት። በጥቅምት 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 የስታርት ቁልፉን ከግራ ጥግ ወደ መሀል ወሰደው። በጥቅምት 2022 የወጣው ማክኦኤስ ቬንቹራ ደግሞ የሲስተም ሴቲንጉን መስኮት እንዳለ ቀየረው። በምልክት የተደረደረው ገጽ ቀርቶ በግራ በኩል ረጅም ዝርዝር ሆነ፣ ስሙም «ሲስተም ፕሪፈረንስስ» መሆኑ ቀርቶ «ሲስተም ሴቲንግስ» ሆነ። በዚያ ሰሞን «ለፕሮግራማችን የማይክሮፎን ፈቃድ እንዲህ ስጡ» የሚል ባለ ምስል መመሪያ የነበረው ድርጅት ሁሉ የራሱን ሶፍትዌር ሳይነካ መመሪያው አረጀበት። የሌላ ሰው ስክሪን ፎቶ ስታስገቡ የሌላውን ሰው ካላንደር ጭምር ነው የምትቀበሉት።

በቋንቋ ሲባዛ ደግሞ ስሌቱን እናንተው ሥሩት። መመሪያው 40 ምስል አለው እንበል። በስድስት ቋንቋ ይወጣል። 240 ምስል ሆነ። ሶፍትዌሩ በዓመት አራት ጊዜ ይታደሳል። በየጊዜው ሩቡ ብቻ ቢቀየር እንኳ በዓመት 240 ምስል ዳግም ይነሳል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ስንት ሰዓት መደባችሁ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዜሮ ነው። እናም የእንግሊዝኛው ምስል በሁሉም ቋንቋ ላይ ይለጠፋል። አንባቢው ጽሑፉ ላይ አንድ ስም ያነባል፣ ምስሉ ላይ ሌላ ያያል፣ ስክሪኑ ላይ ሦስተኛ ያገኛል። ዓረብኛና ዕብራይስጥ ሲሆን ይብሳል። ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚገለበጥ «በግራ ያለውን ሜኑ» የሚለው ቀስት ባዶ ቦታ ይጠቁማል። ቀስቱና ቁጥሩ ምስሉ ላይ ተጋግረው ከሚቀሩ ለብቻቸው እንደ ንብርብር ቢቀመጡ ቢያንስ ቀስቱን ማዛወር ይቻላል።

«ቪዲዮ እንሥራ» የምትሉም አላችሁ። በሽታው ያው ነው፣ መድኃኒቱ ግን ይወደዳል። ከመመሪያ ላይ አንድ ምስል ነጥሎ መቀየር ይቻላል። ከቪዲዮ መሀል አንድ ቁልፍ ቀይሮ መመለስ ቀርቶ ድምፁን እንኳ ማስማማት ጣጣ ነው።

ሌላው ራስ ምታቴ ጽሑፍን በፎቶ ማቅረብ ነው። የትእዛዝ መስመር፣ የስህተት መልእክት፣ የማግበሪያ ኮድ፣ ረጅም ሊንክ፤ ሁሉም በስክሪንሾት። እባካችሁ! ሰው ያንን ከምስሉ እያየ በእጁ ሊጽፍ ነው። አንድ ሰው ከመመሪያው ትእዛዝ እየገለበጠ አልሠራ ብሎት ደወለ። ፊደል በፊደል አብረን አነበብን። ለካስ ምስሉ ላይ ሁለት ሰረዝ ተጠጋግተው አንድ ረጅም ሰረዝ መስለውታል። ሌላ ቀን ደግሞ ዜሮና ኦ ናቸው፣ ወይ አንድ ቁጥርና ትንሿ ኤል። ኮፒ አድርጎ ፔስት ቢያደርግ ኖሮ ስልክ አያነሳም ነበር።

የስህተት መልእክትም እንደዚሁ ነው። ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት መመሪያው ውስጥ ሰርች ያደርጋል። መልእክቱ በምስል ስለተቀመጠ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል። መልሱ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፎ ሳለ። ምስሉን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ አስቀምጡ፤ መልእክቱን ግን ከሥሩ በጽሑፍ ድገሙት።

ማየት የተሳነው ተጠቃሚ ደግሞ ጭራሽ አልታሰበበትም። ኤንቪዲኤ፣ ጆውስ ወይም ቮይስኦቨር በመሰሉ ስክሪን ሪደሮች የሚሠራ ሰው መመሪያውን በጆሮው ነው የሚያነበው። ሶፍትዌሩ ምስሉ ጋ ሲደርስ ከምስሉ ጋር የተያያዘውን አማራጭ ጽሑፍ ያነብለታል። እዚያ የተጻፈው ምንድን ነው? «ምስል 14»። ወይም የፋይሉ ስም፣ ቀንና ሰዓቱ ሳይቀር። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ምስል በጽሑፍ አቻ ይኑረው ያለው ገና በ1999 ነው። የድርጅቱ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ እስከ 2023ቱ እትም ድረስም የሚጀምረው በዚሁ ነጥብ ነው። ከባድ ነገር አይደለም። «የክፍያ ሴቲንግ ገጽ፤ ‹በየወሩ› የሚለው ተመርጧል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ምስሉ ለምን እንደገባ ያወቀ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ካልቻለ፣ ምስሉም ምናልባት አያስፈልግም ነበር።

በዚሁ ላይ ቀይ ክብ። «በቀይ የተከበበውን» ብቻ አትበሉ። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም። በሌላውም ሕዝብ ውስጥ ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ችግሩ አለ። ጥቁርና ነጭ አድርጎ የሚያትመውም ብዙ ነው። ከክቡ አጠገብ ቁጥር ጻፉ፣ ጽሑፉም በቁጥሩ ይጥራው።

ስለ ጥራት ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ካላልኩ አላርፍም፤ ስክሪንሾት በጄፔግ አታስቀምጡ። ጄፔግ የተሠራው ለፎቶግራፍ ነው። ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፍሎ ዝርዝሩን ይቀንሳል። ፊት ላይ አይታወቅም፣ ፊደል ዙሪያ ግን ቆሻሻ ነገር ይረጫል። ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ከ1996 ጀምሮ አለ፣ ምንም ሳይጥል ይጨምቃል። ሌላው የማየው ነገር፣ ሰፊ ሞኒተር ላይ ሙሉውን ስክሪን አንሥቶ በጠባብ ገጽ ላይ ማሳነስ ነው። ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ከማንሳታችሁ በፊት መስኮቱን ራሱን አጥብቡት፤ ይዘቱ ይሰበሰባል፣ ፊደሉም እንዳለ ይቆያል። ስትቆርጡም እስከ አጥንቱ አትቁረጡ። ለብቻው የተቆረጠ ቁልፍ የት ሰፈር እንዳለ አይታወቅም። የገጹን ርዕስ ወይም የሜኑውን ጠርዝ ተዉለት።

አሁን ደግሞ ኃላፊ እንደመሆናችሁ እንቅልፍ ሊነሳችሁ የሚገባው ነገር። ስክሪንሾት ያላሰባችሁትን ሁሉ ይዞ ይወጣል። መመሪያ ውስጥ የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ስልክ አይቻለሁ። ከላይ የተከፈቱ ታቦች፣ «የደመወዝ ክለሳ» የሚል ርዕስ ያለበት ኢሜይል፣ ጥግ ላይ ብቅ ያለ የግል መልእክት። ፕሮግራም ከፕሮግራም ሲገናኝ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለው የኤፒአይ ቁልፍ ሳይቀር ሙሉውን፣ ቁልጭ ብሎ። ያየሁባቸውን ድርጅቶች ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ሰው ጥፋት አይመስለኝም። ሠራተኛው በሥራው ኮምፒውተር፣ በሥራው አካውንት እንዲያነሳ ከተላከ ሌላ ምን ሊያነሳ ነው?

«እንቆርጠዋለን፣ እናደበዝዘዋለን» ትሉ ይሆናል። በመጋቢት 2023 ምን እንደተሰማ ላስታውሳችሁ። የጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ የነበረው ማርክአፕ የተባለ የምስል ማረሚያ፣ ስክሪንሾት ሲቆረጥ የተቆረጠውን ክፍል በትክክል አያጠፋም ነበር። አዲሱ ትንሽ ምስል በአሮጌው ፋይል ላይ ይጻፋል፣ የአሮጌው ትርፍ ግን ጭራው ላይ ይቀራል። ከዚያ ላይ የተቆረጠውን መልሶ ማውጣት ይቻል ነበር። ጥፋቱን ያገኙት ሰዎች አክሮፓሊፕስ አሉት። ወዲያው ተመሳሳዩ የዊንዶውስ 11 ስኒፒንግ ቱል ላይም ተገኘ። ሁለቱም ተጠግነዋል። ከመጠገናቸው በፊት ተቆርጠው የተለጠፉት ምስሎች ግን ተለጥፈው ቀርተዋል። ማደብዘዝም አስተማማኝ አይደለም፤ በካሬ ካሬ የተበተነ ጽሑፍን መልሶ የሚገምት ሶፍትዌር አለ። መሸፈን ግድ ከሆነ በጥቁር ድፍን ሸፍኑ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ፋይል አውጡት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚሸፈን ነገር አለመኖሩ ነው። ለምስል ብቻ የሚሆን ለብቻው የቆመ አካውንት አዘጋጁ። ውስጡ የተፈጠሩ ስሞች፣ የተፈጠሩ ቁጥሮች ይሁኑ። ለኢሜይል አድራሻ ኤግዛምፕል ዶት ኮም የሚለው ስም ከ1999 ጀምሮ ለምሳሌ እንዲሆን ተብሎ ተከልሏል፤ ማንም ሊገዛው አይችልም። ለአይፒ አድራሻም ለመመሪያ ብቻ የተለዩ ቁጥሮች አሉ። አደራ ስሞቹን ግን «ቴስት ቴስት» እና «ሀሀሀሀ» አታድርጓቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ዘጠኙም ሰው «ቴስት» ከሆነ አንባቢው የቱን እንደመረጣችሁ በምን ይለይ?

ይህ አካውንት ካለ ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል። ማንሳቱን ለማሽን መስጠት ትችላላችሁ። ፕሮግራመሮቻችሁ ሶፍትዌሩን የሚፈትሹባቸው እንደ ሴሌኒየምና ፕሌይራይት ያሉ መሣሪያዎች ገጽ ከፍተው፣ ሞልተው፣ ተጭነው፣ ምስል ማንሳት ያውቃሉ። ቋንቋውን እየቀየሩ ስድስት ጊዜ ቢያነሱም አይሰለቻቸውም። አዲሱን ምስል ከድሮው ጋር አስተያይቶ «ይሄ ተቀይሯል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ማድረግም ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ምስሉን ባያነሳ እንኳ ማርጀቱን ይናገራል። ማሽኑ የማያውቀው፣ ምስሉ እዚያ ቦታ ላይ ያስፈልግ እንደሆነና ከጽሑፉ ጋር ይስማማ እንደሆነ ነው። እሱን ጸሐፊው ይየው።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር።

የመመሪያን ጥራት በምስል ብዛት አትመዝኑ። ጸሐፊያችሁ «እዚህ ምስል አያስፈልግም» ሲል ስንፍና አይምሰላችሁ፣ ምክንያቱን ጠይቁት። እያንዳንዱ ምስል ባለቤት ይኑረው፤ የትኛውን ገጽ፣ በየትኛው ቨርዥን፣ መቼ እንደተነሳ ተጽፎ ይቀመጥ። ፕሮግራመሩ አንድን ገጽ ሲነካ የዚያን ገጽ ምስል ለያዘው ሰው የሚነገርበት መንገድ አበጁ። አሁን ባለው አሠራር ጸሐፊው ለውጡን የሚሰማው ከተጠቃሚው ጋር እኩል ነው። አዲስ ቨርዥን «አልቋል» የምትሉትም ምስሎቹ ታይተው ሲያልፉ ይሁን። ለማደስ ጊዜ ከሌለ ያረጀውን ምስል አውጡትና ጽሑፉን ብቻ ተዉት። ጽሑፉ ብቻውን ካደረሰ ባዶ ቦታ ማንንም ወደኛ አያስደውልም፤ የተሳሳተ ምስል ግን ያስደውላል።

ከየት እንጀምር ካላችሁ በጣም የሚነበቡትን አሥር ገጾች አውጡ። ምስሎቹን በሙሉ ደብቋቸው። ከዚያ ሶፍትዌሩን የማያውቅ አንድ ሰው አምጡና በጽሑፉ ብቻ እንዲሠራ ንገሩት። ከጎኑ ቁጭ በሉ፣ አፋችሁን ግን አትክፈቱ። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ጋ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ጽሑፉን አርሙ። «ልክ ነኝ?» ብሎ ቀና ብሎ የሚያያችሁ ቦታ ደግሞ አለ። ምስሉን እዚያ ክተቱ።

ከዚያ ወደ ድጋፍ ክፍላችሁ ውረዱና የጥሪ መዝገቡን ጠይቁ። የትኛው ገጽ ላይ፣ የትኛው ምስል ስንት ሰው እንዳስደወለ ተጽፏል። እስካሁን የጠየቀን ኃላፊ ጥቂት ስለሆነ ነው እንጂ ዝርዝሩን ለመስጠት አንሰስትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ድጋፍ ሠራተኛ